የሚያንጠባጥብ ናስ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዝናብ ቢጥል ባይጥል፣
ብራድሾ ይመጣል፣ ሚዛን ሊያንጠለጥል።
«ናስ ካለሽ በኪሎ፣ መዳብ ካለሽ በእጥፍ፤
ሌስሊም ካረፈ ሁለት ዓመት ሊያልፍ፤
ሣጥኑን ታቅፈሽ ምን ልትጠብቂ?
ሽጪልኝ፤ በዋጋው ከሰል ገዝተሽ ሙቂ።»

ማቪስ ሰትክሊፍ ግን በሩን ገርበብ አርጋ፣
«ናሱ ሥራ ላይ ነው፤ አታውጣለት ዋጋ።»

ኪዝሊ፣ ከጓሮዋ፣ ከእርጥብ ግንቡ ጥግ፣
ሞርሳው ጥርሱን ነክሶ ቆሟል ሲያደገድግ።
ቶርኖው ተሸፍኗል በሌስሊ ካፖርት፤
አትነካው፣ አታውቀው፤ ያ የእሱ ነው ትምህርት።
የእሷ ሀብት ሞረድ ነው፣ ጥቃቅን ብሎኖች፣
ዐርባ ዓመት በሱፍ ክር የሠለጠኑ ጣቶች።

ጠረጴዛው ላይ አለች፣ መዳፍ የምታህል፣
ባለ አንድ ሲሊንደር፣ «ፋብሪካ ነኝ» የምትል፤
በአልኮል ኩራዝ ላይ ውሃዋን አፍልታ፣
ቆማ የምትጋልብ ከቀትር እስከ ማታ።
ሌስሊ ሠራት፤ ሄደ፤ ሥራ ሳይፈልግላት።
ሥራ ፈት መንኮራኩር እብድ ነው፣ ያስፈራል፣
ሲሽከረከር ውሎ ሲሽከረከር ያድራል።

ስለዚህ ሥራ ፈጠረችላት።
የእናቷ አልጋ ጉልላት፣ ተሰንጥቆ በመጋዝ፣
የዘይት ጽዋ ወጣው፣ አንዲት ጠብታ የሚይዝ።
የጸሎት ቤቱ በር እጀታ (ቤቱ ዛሬ ምንጣፍ ይሸጣል)
የመጋዝ ጠረጴዛ ሆነ፤ የክብሪት እንጨት ይቆርጣል።
ከቆመ ሰዓት ሆድ የተረፈ መዘውር፣
የጫማ ማሰሪያ ቺንጋ ሆኖት ሲዞር።
ሰም የለው፣ ወርቅ የለው፤ ላዩም ናስ፣ ውስጡም ናስ፤
ሞረድ ካልቀመሰ ግን አይሰጥም መልስ።

አንድ ነገር ቀረ።
የማድ ቤቱ ቧንቧ።

የከተማውን ቧንቧ ሲጠግን የኖረ፣
የራሱን «ነገ ነው» እያለ ያሳደረ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብ፣ ጠብ ሲል ሌቱን፣
ስትረግም የኖረች ቧንቧውንና ቤቱን።
«ነገ» አለ። «ቅዳሜ።» «በዓሉ ይለፍና።»
ቅዳሜም ደረሰ፤
ሌስሊ አልነበረምና፣
ሌላ ቧንቧ ሠሪ፣ ወጣት፣ የተቻኮለ፣
በሩብ ሰዓት ነቅሎ «ልጣለው ወይ?» አለ።
«ጣለው» አለች።
የዚያን ሌሊት ጸጥታው እንቅልፍ ነሥቷት አደረች፤
ንጋት ላይ፣ በሌሊት ልብሷ፣ ከገንዳው አወጣች።

ከአንገቱ ቆረጠች። በሞረድ አሻሸች።
ልኩን ስታ ጣለች። ደግማ ጀመረች።
ናስ ሲጮህ፣ ለነቀፋ፣ «ባዶ ነው» ይሉታል፤
ፊሽካ ግን ባዶ ካልሆነ ድምፅ ከየት ያመጣል?
በሦስተኛው ቀና። ከንፈሩ ተሳለ፣
ከቡናማው ዝገት ሥር ቢጫው ብቅ አለ።

እሑድ ከሰዓት። ኩራዙን ለኮሰች።
የጎረቤት ልጅ ናዒማ ግንቡ ላይ ወጥታለች፣
አገጯን በክንዷ ላይ ጥላ።
ውሃው ተንተከተከ፤ መንኮራኩር ዞረ፤
መጋዙ ክብሪቱን ከመሃል ሰበረ።
ማቪስ በአውራ ጣቷ ቫልቩን ነካችና፦
ፊሽካው አልጮኸም።
ውሃ ተፋ።
ጠብ።
ጠብ።
ጠብ አለ እንደገና።

«ተበላሸብሽ!» አለች ናዒማ።
(እንፋሎት ቀዝቃዛ ናስ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል፤
ናሱ እስኪሞቅ ድረስ ማልቀስ የት ይቀራል።)
ማቪስ ጣቷን አላነሣችም።
«ተይው» አለች፣ «ልማዱ ነው።»

ከዚያ ጮኸ።
ቀጭን፣ ትንሽ የተጣመመ፣ ከልኩ ዝቅ ያለ፤
የሦስተኛው ቤት ውሻ ጆሮውን አቆመ፣
የናዒማ እግር ከግንቡ ጫፍ አንሸራተተ።

«ድገሚው!»
ውሃው አልቋል። ጣሳዋን ይዛ ማድ ቤት ገባች፣
ከአዲሱ ቧንቧ፣ ጠብ ከማይለው፣ ቀዳች፤
ስትመለስም
አጥብቃ አልዘጋችውም።